«ሳይሆን አይቀርም» ለማለት አትፈሩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንዳችሁ ጠየቃችሁኝ። «ጋሼ፣ በ2028 የዲሞክራቶቹ የፕሬዚዳንት እጩ ማንን ምክትል አድርጎ የሚይዝ ይመስልዎታል?» እጩው ራሱ ገና አልታወቀም። ጠረጴዛው ግን ሞቀ። ስም ላይ ስም ተቆለለ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ ተረጋግጧል የሚል ቪዲዮ አለ» አለ።

እኔ ዝም አልኩ። ጥያቄው ስለማይማርከኝ አይደለም። ይህን ግምት እኔም እንደናንተ እወደዋለሁ። የምርጫ ዓመት ሰመር በመጣ ቁጥር ጆሮዬ ከራዲዮ አይለይም። ዝም ያልኩት «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል የቆየ ቁስል ስለነካብኝ ነው። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የሆነው በነሱ ምርጫ ነውና።)

2008 ነበር። ያኔ በዋሽንግተን አካባቢ ለኛ ሰው በሚተላለፍ የአማርኛ ራዲዮ ዜና አነብ ነበር። ኦባማ ምክትሉን በቴክስት እንደሚያሳውቅ ቃል ገብቷል። ሁሉም ሰው ስልኩን ታቅፎ ነው የሚያድረው። ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ልባችን አንድ ሰው ላይ አርፏል፤ አገረ ገዥያችን ቲም ኬን ላይ። ኦባማን ቀድመው ከደገፉት አንዱ ነው። ቨርጂኒያም ያን ዓመት የምትፈለግ ግዛት ነበረች። ዓርብ ማታ አንድ የቅስቀሳው በጎ ፈቃደኛ ደወለልኝና «ኬን ነው፣ አለቀ» አለኝ። እኔም ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ «ቲም ኬን መሆኑ ታውቋል» ብዬ አነበብኩ።

ኦገስት 23 ሌሊት ቴክስቱ መጣ። ጆ ባይደን።

ማንም አልሞተም። የማንም ገንዘብ አልጠፋም። ግን በማግሥቱ አንዲት የታክሲ ሹፌር ሚስት ደውላ «ባሌ እርስዎን አምኖ ከጓደኞቹ ጋር ሲሟገት አደረ» አለችኝ። አልተቆጣችም። እሱ ነው የከበደኝ። ሰውየው የተሟገተው እኔን አምኖ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሂላሪ ክሊንተን ኬንን መረጠች። አንዳንድ አድማጮች «አላልክም ነበር?» ብለው ደወሉ። አላልኩም። የዚያን ምሽት ዜናዬ ሐሰት ነበር፤ ሐሰት ደግሞ ሲቆይ እውነት አይሆንም።

እስቲ የአማርኛችንን ሀብት ተመልከቱ። «ይመስለኛል» አለ። «ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ተብሏል» አለ። «ታውቋል» አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት ረጅም ነው። እኔ ያን ምሽት በእጄ የነበረው «ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ወደ «ታውቋል» አዘለልኩት። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን «ተብሏል» ነው። ማን ነው ያለው? የሚናገረው ሰው የለበትም። ወሬው ከየትም መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ጉብ ይላል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይሉ የለ አባቶቻችን? መላው የሚጀምረው «ማን አለ? ቢባል የሚጠቀመውስ ማን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስም የሚያሾልኩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ሰውየው እንዲመረጥ ይፈልጋል። አንዳንዱ ስሙ እንዲነሳለት ብቻ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ስሙን አስቀድሞ አውጥቶ ሊያስመታው ይፈልጋል። በእርግጥ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይናገሩም።

በ2004 ጁላይ 6 ኒው ዮርክ ፖስት የሚያህል ጋዜጣ የዲሞክራቶቹ እጩ ጆን ኬሪ ዲክ ጌፕሃርትን ምክትሉ አድርጎ መረጠ ብሎ ፊት ገጹ ላይ አትሟል። ኬሪ በዚያው ዕለት ጆን ኤድዋርድስን አስተዋወቀ። ትልቅ ቤትም ይሳሳታል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ግምቱ ልግባ። መገመት ነውር የለውም። ግን በደንብ ገምቱ።

እናንተ ዘንድ አብዛኛው ግምት የሚነሳው ከካርታ ነው። «ይህን ግዛት ያመጣለታል» ትላላችሁ። የ2024ቱን አስታውሱ። ካማላ ሃሪስ ከአዲሱ ምክትሏ ጋር የምትወጣበት የመጀመሪያ ሰልፍ ፊላደልፊያ ነው ተባለ። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ግዛቶች በያዙት የኤሌክቶራል ድምፅ ነው፤ ፔንሲልቫኒያ 19 አላት። አገረ ገዥዋ ጆሽ ሻፒሮ ተወዳጅ ነው። እንግዲህ ምን ቀረ? ብዙዎች ነገሩን ዘጉት። ኦገስት 6 ፊላደልፊያ መድረክ ላይ አብሯት የወጣው ግን የሚኒሶታው ቲም ዋልዝ ነበር። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያሉ ወገኖቻችን ሲደዋወሉ ዋሉ፤ የኛ አገረ ገዥ ነው እያሉ። ሚኒሶታ ግን 10 ድምፅ ነው ያላት፣ ለዲሞክራቶችም አዲስ አልነበረችም።

ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። ባይደን የመጣው ከደላዌር፣ የቡሽ ምክትል ዲክ ቼኒ ከዋዮሚንግ ነው። ሁለቱም ሦስት ሦስት ድምፅ ያላቸው ግዛቶች ናቸው። ኤድዋርድስ ኖርዝ ካሮላይናን ለኬሪ አላመጣለትም። ፖል ራያንም በ2012 ዊስኮንሲንን ለሮምኒ አላመጣለትም። ካርታውን የሚያምን ሰው የሚጠራው የ1960ውን ኬኔዲና ጆንሰንን ነው፤ ቴክሳስን በጠባብ ልዩነት አሸንፈዋልና። እውነት ነው። ግን ያንን አንዱን ይዘን ስልሳ ዓመት ተሟገትን።

እኔ የምመክራችሁ ምክትሉን በሚመርጠው እጩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እንድታስቡ ነው። እጩው እናንተ የማታዩትን ወረቀት ያያል። የግብር ሰነድ፣ የጤና ታሪክ፣ የድሮ ንግግር፣ የቤተሰብ ጉዳይ። ጠበቆች ሳምንታት ቁጭ ብለው ያጣሩታል። ይህ ማጣራት የጠነከረው ከ1972 በኋላ ነው። የዚያ ዓመት የዲሞክራቶች እጩ ጆርጅ ማክገቨርን ብዙዎች እምቢ ካሉት በኋላ በጥድፊያ ሴናተር ቶማስ ኢግልተንን መረጠ። ኢግልተን በድብርት ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ በኤሌክትሪክ ሕክምና እንደተረዳ ማክገቨርን አያውቅም ነበር። ነገሩ ሲወጣ «ሺህ በመቶ አብሬው ነኝ» አለ። ኢግልተን ግን በተመረጠ በ18 ቀኑ ወጣ። ሕመሙ ነውር አልነበረም። ነውሩ በጊዜው ቁጭ ብለው አለመነጋገራቸው ነው።

የእሱን ቦታ የያዘው ሳርጀንት ሽራይቨር ነበር። የሰላም ጓድን ያቋቋመው ሰው። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን እነዚያን ወጣት አስተማሪዎች የላከው ድርጅት። እኔን ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ከነሱ አንዱ ነው። ዛሬ የአሜሪካንን ምርጫ የምከታተለው በዚያ ክፍል ውስጥ በተዘራ ጉጉት ይመስለኛል።

ወረቀት ካልኩ አይቀር አንድ ልጨምር። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ምክትል እንዲፈልግለት የሾመው ዲክ ቼኒን ነበር። ጋዜጠኛው ሁሉ ቼኒ ማንን ይጠቁማል እያለ ስም ይቆጥራል። በጁላይ ቼኒ ወደ ዋዮሚንግ ሄዶ የመራጭነት ምዝገባውን ከቴክሳስ አዛወረ። ለምን? ሕገ መንግሥቱ የአንድ ግዛት የኤሌክቶራል ድምፅ ሰጪዎች ለፕሬዚዳንትም ለምክትልም የራሳቸውን ግዛት ሰው እንዳይመርጡ ይከለክላል። ቡሽም ቼኒም ቴክሳስ ይኖሩ ነበር። የቴክሳስ 32 ድምፅ ደግሞ የሚጣል አይደለም። በቀናት ውስጥ የተመረጠው ፈላጊው ራሱ ሆነ። ያን ጊዜ ከአሥር ቪዲዮ ይልቅ የሚናገረው አንድ የምዝገባ ቅጽ ነበር። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው ቅጹን የሚያነበው። እናንተ ደግሞ ሕጉን እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ በመዝገበ ቃላት ነበር የታገልኩት።

ከሁሉም በላይ ግን ግምታችሁ ውስጥ ሃሪ ትሩማን ይኑርበት። በ1944 ፓርቲው የነበረውን ምክትል ሄንሪ ዋላስን አስቀርቶ ትሩማንን ሲያስገባ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ታሞ ነበር። ትሩማን በምክትልነት የቆየው 82 ቀን ብቻ ነው። ስለ አቶሚክ ቦምቡ በዝርዝር የሰማው ሩዝቬልት ሞቶ በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ምክትሎች ፕሬዚዳንቱ በመሞቱ ወይም በመልቀቁ ወንበሩን ተረክበዋል። ስለዚህ ስም ስትጠሩ «ድምፅ ያመጣል?» ብቻ አትበሉ። ነገ ጠዋት ስልክ ቢደወልለት ይህን አገር ይይዛል ወይ? እናንተ የዚህ አገር መራጮች ናችሁ። ልጆቻችሁ እዚህ ነው የሚያድጉት። ይህ ጥያቄ የእናንተው ነው።

ዛሬ ከእናንተ መሃል ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የምትሠሩ አላችሁ። እኔ ከነበረኝ አድማጭ የሚበልጥ ሰው ያያችኋል። «ሰበር ዜና» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ከመለጠፋችሁ በፊት የያዛችሁት የትኛው ግሥ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። «ሳይሆን አይቀርም» ከሆነ እንደዚያው በሉት። ተመልካች ይቀንሳል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን ያች ሴት ደውላ ባሏ ሲሟገት አደረ ስትላችሁ መስማት ከዚያ ይብሳል።

እኔ ከ2008 ወዲህ አንዲት ደብተር አለችኝ። ግምቴን ከነቀኑ እጽፍበታለሁ። ከስሙ ሥር ለምን እንደገመትኩ፣ ከማን እንደሰማሁ፣ ምን ቢሆን ሐሳቤን እንደምቀይር እጽፋለሁ። በ2024 ሻፒሮ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ምክንያቴም ያው ፊላደልፊያ ነበረች። እናንተም ከአሁኑ አንድ አንድ ደብተር ግዙ። በ2028 ሰመር ዕድሜ ከሰጠኝ ያው ቅዳሜ፣ ያው ጠረጴዛ ላይ አለሁ። ስትመጡ ስሙን ቆይታችሁ ትነግሩኛላችሁ። መጀመሪያ ከሥሩ የጻፋችሁትን አንብቡልኝ።