ካልበላ መርፌው ይቅር ወይ?

የሞጣዋ እህታችን፣ ጥያቄሽን አሁን አየሁት። የ14 ዓመት ልጅሽ ኢንሱሊን ይወጋል። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ እህል አልቀመሰም። ጤና ጣቢያ ሽንቱን አይተው «ስኳር ሶስት ፕላስ፣ ኬቶን ሁለት ፕላስ» ብለው ሪፈር ጻፉለት። አንቺ ደግሞ «ካልበላ መርፌውን ልተወው? ነገ ጠዋት ብወስደውስ?» አልሽ።

መርፌውን አትተዪው። ነገም አትበዪ፣ አሁን ተነሺ። የቀረውን መኪና ውስጥ ሆነሽ ታነቢዋለሽ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ኢንሱሊን ከጀመርኩ 13 ዓመት ሆነኝ። በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ሆዴን ታመምኩና ምግብ አልወርድ አለኝ። «በባዶ ሆድ መርፌ ይጥለኛል» ብዬ ሁለት ቀን ዘለልኩት። ቤተሰብ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አጠጣኝ። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ ጥሜ አይቆርጥም። ሽንት ቤት መመላለስ ሥራዬ ሆነ። ተኝቼ እንኳ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ሊጠይቁኝ የመጡ ጎረቤታችን ጠጋ ብለው «ይሄ ልጅ አረቄ ቀምሷል እንዴ?» አሉ። ታመምኩም፣ ታማሁም! ያ ሽታ የኬቶን ነበር። ሆስፒታል ስገባ ሰው ሁሉ «ጉሉኮስ ተሰጠው» አለ፤ መጀመሪያ የገባልኝ ግን ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ከዚያ ኢንሱሊን።

እዚያ ተኝቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ባንበላም ጉበታችን ስኳር ማምረቱን አይተውም፤ ስንታመም እንዲያውም ይብስበታል። ኢንሱሊን ከሌለ ያ ስኳር ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል እንጂ ሰውነት አይጠቀምበትም። ስለዚህ የተራበ ይመስለውና ስብ ማንደድ ይጀምራል። ከስቡ የሚወጣው አሲድ ነው ኬቶን። ሲበዛ ደሙን ያኮመጥጠዋል፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም የመርፌውን መጠን ይለዋውጠዋል እንጂ ጭራሽ አያስቋርጥም።

ሽንት ላይ ስኳር ብቻ ቢገኝ ይህን ያህል አላስቸኩልሽም ነበር። የብዙ ሰው ኩላሊት የደም ስኳር 180 ገደማ ሲያልፍ ወደ ሽንት ያፈሰዋል። ሽንቱ ደግሞ ፊኛ ውስጥ ሰዓታት የቆየ ነው፤ የአሁኑን ስኳር አይነግርሽም። ስኳር መውረዱንማ ጭራሽ አያሳይም፣ ለዚያ ጣት መወጋት ነው። ኬቶን ብቻውን ትንሽ መታየቱም ሁሌ አያስደነግጥም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ጤነኛ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። ሁለቱ አብረው መጥተው ትውከት ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ነው።

ኢንሱሊኑንና የሽንት ውጤቱን ወረቀት ያዢ። ተራ ያዢ ካሉሽ «ኢንሱሊን ተጠቃሚ ነው፣ ኬቶን ወጥቶበታል፣ ያስመልሰዋል» በያቸው፣ ጮክ ብለሽ። ስትደርሱ ጻፊልን።