ፈረንጆቹ ሲሄዱ ማን ይቆጥራል? ስለ ምሥራቅ ቲሞር ምርጫ ጥያቄና መልስ

መጀመሪያ ተመድ ስላስፈጸመው፣ በኋላ ቲሞራውያን ራሳቸው ስለያዙት የምሥራቅ ቲሞር ምርጫ አጭር ነገር ጽፌ “ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ” ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን መልሻለሁ። በአንድ መስመር ያለፍኳቸው አሉ፤ ቅር እንዳይላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ነገር፣ አገሪቱ የት ናት? ለምንስ እሷን መረጥክ?

መልስ፦ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለች የአንዲት ደሴት ምሥራቃዊ ግማሽ ናት። ፖርቱጋል ገዛቻት፤ በ1975 ኢንዶኔዥያ ወረረቻት፤ ሜይ 20 ቀን 2002 ነፃ ወጣች። የመረጥኳት ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለምታሳይ ነው። በ1999 ተመድ ራሱ ምርጫ አስፈጻሚ ነበር። ቀጥሎ ረዳት ሆነ። በ2017 ምርጫ ጊዜ ደግሞ ተልዕኮው አገር ውስጥ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ተመድ ዝም ብሎ ገብቶ ምርጫ ማካሄድ ይችላል እንዴ?

መልስ፦ አይችልም። ወይ አገሪቱ ራሷ ትጠይቃለች፣ ወይ የጸጥታው ምክር ቤት ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል። ጥያቄ ሲቀርብም መጀመሪያ አጥኚ ቡድን ይላካል። አብዛኛው እርዳታ ምክር፣ ሥልጠናና ዕቃ ነው። ራሱ መዝግቦ፣ ራሱ ቆጥሮ ያወጀባቸው ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ካምቦዲያ በ1993፣ ምሥራቅ ቲሞር በ1999 እና በ2001 ከነዚያ ውስጥ ናቸው። መታዘብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ አትቀላቅሉት። የረዳው ሰው ራሱ ምስክር ሆኖ ከቆመ ማን ያምነዋል?

ጥያቄ፦ የ1999ኙ ድምፅ የተዋጣለት ነበር ትላለህ። ያ ሁሉ ደም ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ይህንን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ኦገስት 30 ሕዝቡ የተጠየቀው በኢንዶኔዥያ ሥር ልዩ ራስ ገዝ መሆንን ይቀበል እንደሆነ ነው። 450,000 ገደማ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ98 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። 78.5 በመቶው “አንፈልግም” አለ። ይህ ማለት ነፃነት ነው።

ሥራው በጥንቃቄ የታሰበ ነበር። ቆጠራውን ብቻ እንኳ እዩ። በየጣቢያው አልተቆጠረም። ሳጥኖቹ ወደ ዋና ከተማዋ ዲሊ ተወሰዱ፣ ወረቀቱ ተደባለቀ፣ ከዚያ ተቆጠረ። የትኛው መንደር ምን እንደመረጠ እንዳይታወቅ ነው፤ ኢንዶኔዥያን የሚደግፈው ሚሊሻ መንደር እየለየ እንዳይበቀል። ዛሬ ግልጽነት ሲባል ጣቢያው ላይ ቆጥሮ ውጤቱን በር ላይ መለጠፍ ነው። እዚያ ግን ፍርሃቱ ሌላ ስለነበር መልሱም ሌላ ሆነ። ጎበዝ አማካሪ ማለት ለእኔ ይህን የሚያይ ነው።

ጉዱ ያለው ጸጥታው ላይ ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ፖርቱጋልና ተመድ ድምፁ እንዲሰጥ በተፈራረሙት የሜይ 5 ስምምነት ጸጥታ የማስከበሩ ኃላፊነት ለኢንዶኔዥያ ተሰጠ። በግን ለተኩላ አደራ እንደማለት ነው። ሴፕቴምበር 4 ውጤቱ ሲነገር ሚሊሻው አገሩን አነደደው። ከ1,000 በላይ ሰው ተገደለ። አብዛኛው ሕንፃ ወደመ። ከሟቾቹ ውስጥ ለተመድ ይሠሩ የነበሩ ቲሞራውያን አሉ። በዲሊው የተመድ ግቢ የተጠለለውን ሕዝብ ጥለን አንወጣም ያሉ የተመድ ሠራተኞች እንደነበሩም መነገር አለበት፤ በመጨረሻ ተጠላዮቹም በአውሮፕላን ወጡ። መንደር ውስጥ ላለው የጣቢያ ሠራተኛ ግን አውሮፕላን አልነበረም። ቤቱ እዚያው ነው። ከምርጫ በኋላ የሚሆነውን አደጋ ከምርጫ ሣጥኑ እኩል የሚያስብ ዕቅድ ዛሬም ብዙ አላይም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቲሞራውያን ራሳቸው ሥራውን መቼ ያዙት?

መልስ፦ ቀስ በቀስ። በ2001 በሰርጂዮ ቪዬራ ዴ ሜሎ የሚመራው የተመድ አስተዳደር የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ አካሄደ። ለነፃነት የታገለው ፓርቲ ፍሬቲሊን ከ88 መቀመጫ 55 ወሰደ። በ2002 የነፃነት ትግሉ መሪ ሻናና ጉስማዎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከነፃነት በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቢሮ ምርጫውን ያስፈጽማል፣ አንዱ ኮሚሽን ይቆጣጠረዋል።

ትልቁ ፈተና 2007 ነበር። ከዓመት በፊት ሠራዊቱ ተከፋፍሎ ከተማው ታምሶ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። አስፈጻሚዎቹ ቲሞራውያን ናቸው፤ ተመድ ጎናቸው ቆሟል። እውነት ለመናገር ቀኑ እንከን የለሽ አልነበረም፤ በአንዳንድ ጣቢያ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልቆ ነበር። ቢሆንም ሄደ። በፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ራሞስ ሆርታ አሸነፈ።

ከፓርላማ ምርጫው በኋላ ፍሬቲሊን በ21 መቀመጫ አንደኛ ሆኖ ሳለ መንግሥት የመሠረተው የሻናና ጥምረት ነው። ፍሬቲሊን “ሕገ ወጥ ነው” ብሎ ጮኸ፣ ረብሻም ተነሣ። በኋላ ግን ተቃዋሚ ሆኖ ፓርላማ ተቀመጠ። የትኛውም ለጋሽ ይህን በሣጥን አሽጎ አይልከውም።

ጥያቄ፦ ካምቦዲያስ?

መልስ፦ ተቃራኒው ነው። በ1993 ከተመዘገበው ሕዝብ 90 በመቶ ገደማ መረጠ። የንጉሣውያኑ ፓርቲ ፉንሲንፔክ 58፣ አገሪቱን ይመራ የነበረው የሁን ሴን ፓርቲ 51 መቀመጫ አገኙ። ሁን ሴን አልለቅም አለ፤ አገሪቱ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር ኖራት። በ1997 ሌላኛውን በጦር አባረረው። ጦሩና ቢሮክራሲው ከመጀመሪያውም በእጁ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጣት አሻራ ማሽን፣ ታብሌት፣ ሰርቨር ቢገዛ ሁሉም አይገላገልም?

መልስ፦ አይገላገልም፣ ልጄ። ማሽን ለጋሽ ይወደዋል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። በሁለት ምርጫ መካከል ላሉት ዓመታት የጸሐፊና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍል ግን ብርቅ ነው። ኬንያ በ2017 ዘመናዊ ውጤት ማስተላለፊያ ነበራት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ “ሰርቨሩን አሳዩ” ቢል ኮሚሽኑ በቅጡ አላሳየም፤ ምርጫው ተሰረዘ። ማላዊ ውስጥ ክሱ የውጤት ቅጽ ላይ የተቀባ ነጭ የፊደል ማጥፊያ ነበር። ፍርድ ቤት በ2020 ሰረዘው፤ በኮቪድ ምክንያት ብዙ የውጭ ታዛቢ ባይገባም ድጋሚው ተካሄደ፣ ተቃዋሚው አሸነፈ። ሁለቱንም ያዳናቸው ዳኛ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛስ ጉዳይ?

መልስ፦ እርዳታና ምስክርነት ይለያያሉ ያልኩት በ2021 በደንብ ታይቷል። የተመድ ልማት ፕሮግራም በድጋፍ ፕሮጀክቱ ከምርጫ ቦርድ ጋር ሲሠራ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በቡድኑ ነፃነትና በመገናኛ መሣሪያ ማስገባት ጉዳይ ስላልተስማማ ታዛቢዎቹን ሰረዘ። የቀረውን ፖለቲካ ዛሬ አልከፍተውም፤ ሌላ ቀን ይበቃናል።

ጥያቄ፦ ቲሞር አሁን ራሷን ችላለች?

መልስ፦ በምርጫ ሥራ፣ አዎ። የተመድ ተልዕኮ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣን በድምፅ ተቀያይሯል። እንዲያውም ለ2014ቱ የጊኒ ቢሳው ምርጫ መራጭ በመመዝገብ ያገዙት ቲሞራውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ የጣት ቀለሙ በሎሚ ይለቃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ደህናው ቀለም አይለቅም። ውስጡ ሲልቨር ናይትሬት አለ፤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ከቆዳ ላይ ለቀናት፣ ከጥፍር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። አፍጋኒስታን በ2004 ግን በአንዳንድ ጣቢያ የተሳሳተ እስክሪብቶ ተሰጠና ቀለሙ በውኃ ታጠበ። ምርጫው ገና ሳያልቅ 15 ተወዳዳሪዎች አንቀበልም አሉ።