ጥያቄና መልስ፦ በፎር ዊል መኪና ላይ ዲፈረንሻል መቀየር ያዋጣል?

ኮሮናፒኞን፦ ክረምት ሊገባ ነው። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ በኩል ከአስፋልት ወጥታችሁ መረሬ ላይ የምትገቡ፣ ስለ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለጎማዎች አካፍሎ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ስለሚያደርገው የጥርስ ስብስብ) ያላችሁን ጠይቁ። ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ ካምቢዮው ማኑዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጎማውን ጻፉ። ጎማውን ላልጻፈ አልመልስም።

የሱሉልታው፦ ጋሼ፣ ራቭ 4 ነው፣ የ2003 ሞዴል፣ አውቶማቲክ። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት፣ የአስፋልት። ሶማሌ ተራ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይዞር በከፊል የሚይዝ) ያለው የኋላ ዲፈረንሻል አግኝቻለሁ። ልግዛው?

ኮሮናፒኞን፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላል። መኪናህ ሦስት ዲፈረንሻል አለው፦ የፊት፣ የመሃልና የኋላ። የመሃሉ ቪስከስ ካፕሊንግ አለው፤ የፊትና የኋላ ፍጥነት ሲለያይ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ፈሳሽ ይይዛቸዋል። የፊቱና የኋላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው። ክፍት ዲፈረንሻል ለግራም ለቀኝም እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ያለ ጉልበት ከዞረ፣ ደረቅ የያዘውም የሚደርሰው ያችው ትንሿ ናት።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ስትያዝ የትኛው ጎማ እንደሚዞር ሰው ከውጭ ይይልህ። ከጎን ራቅ ብሎ ይቁም፣ ከኋላ እንዳይሆን። ጥቂት ሰከንድ ነዳጅ ስጥ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከዞሩ የመሃሉ ደህና ነው፤ ያኔ የኋላ ሊሚትድ ስሊፕ ይጠቅምሃል። አንድ ጎማ ብቻ ዞሮ ሦስቱ ቀጥ ካሉ ግን ቪስከሱ ሞቷል፤ የኋላውን ብትቀይር ለውጥ አታይም። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪ ጨርሰህ ቀስ ብለህ ስትዞር የሚጎትት፣ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ወይ ቪስከሱ ተጣብቋል፣ ወይ የጎማዎቹ ልክ ተለያይቷል።

ለመግዛት ከወሰንክ ሬሾውን ሳታረጋግጥ እንዳትከፍል። የምትገዛው ሬሾ መኪናው ላይ ካለው የኋላ ዲፈረንሻል ጋር አንድ መሆን አለበት። የኮሮናውን (የትልቁን ማርሽ) ጥርስ ቆጥረህ ለፒኞኑ (እሱን ለሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥርስ አካፍል፦ 41 ለ10 ከሆነ 4.10፣ 43 ለ10 ከሆነ 4.30 ነው። ያንተን ደግሞ መኪናው ፕሌት ላይ ባለው የአክስል ኮድ አረጋግጥ። 4.10 የነበረውን አውጥተህ 4.30 ካስገባህ ቀጥ ባለ መንገድም ቪስከሱ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። "ይገጥማል" ማለት "ይሆናል" ማለት አይደለም።

ቡራዩ 4፦ እኔም ራቭ 4 አለኝ፣ 2002። ዲፈረንሻል ልቀይር?

ኮሮናፒኞን፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ጎማህስ?

ቪታራ፦ ግራንድ ቪታራ 2008፣ ማኑዋል፣ ኦል ቴሬን ጎማ። ፊትም ኋላም ሎከር (ግራና ቀኙን ጎማ አንድ ላይ የሚቆልፍ) ባስገባስ?

ኮሮናፒኞን፦ መጀመሪያ ያለህን ተጠቀም። 4ኤች ሎክ የመሃሉን ዲፈረንሻል ይቆልፋል፤ ብዙ ሰው ከተያዘ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። ጭቃው ውስጥ ሳትገባ ቆልፍ። 4ኤል ሎክ (ከባዱን፣ የዝግታውን ማርሽ) ለማስገባት ቁም፣ ማርሹን ነፃ አድርግ፣ ከዚያ ማዞሪያውን አዙር። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አትቆልፍ። ይህን አድርገህም ከቀረህ የኋላውን ብቻ ቀይር። የፊቱ ሎከር ሲቆለፍ መሪው አይታዘዝም፤ ተዳፋት ላይ ያ ወደ ቦይ መግቢያ ነው።

ጋራዥ ጀሞ፦ ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? የኋላውን ሳተላይት (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማርሾች) በየድ አድርጎ መጨረስ ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ኮሮናፒኞን፦ እርሻ ላይ ብቻ ለሚውል መኪና ተከራከረኝ። ጠዋት ሱሉልታ ጭቃ፣ ከሰዓት መገናኛ አደባባይ ለሚዞር ግን አይሆንም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መሄድ አለበት፤ ከተበየደ አንዱ አስፋልት ላይ እየተፋቀ ይሄዳል። ጎማ ይበላል፣ አክስሉን ይጠመዝዛል፣ ዝናብ ላይ ኋላው ይወረወራል። ብየዳው ከተሰነጠቀ ስባሪው ኮሮናው ጥርስ መሃል ይገባል። ፉል ታይም (ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ) መኪና ላይ አትበይዱ።

ጋራዥ ጀሞ፦ እሺ፣ ግን ቀጭን ጎማ ከሰፊ ይሻላል፣ እሱን አትክድም።

የሰንዳፋ ልጅ፦ ቀጭን ጎማ የሚሻለው ከታች ጠንካራ ካለ ነው ወንድሜ። መረሬ ታች የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ጋራዥ ጀሞ፦ ታዲያ ንፋስ መቀነስ ነዋ። 18 ፒኤስአይ አድርገው፣ ትወጣለህ።

የሰንዳፋ ልጅ፦ መረሬ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። 18 ብታደርገው ለስላሳ ጎማ ሰፋ አለ እንጂ ምን ተለወጠ?

ኮሮናፒኞን፦ ሁለታችሁም ግማሽ ልክ ናችሁ። ንፋስ መቀነስ ይረዳል፣ ግን ጭቃውን የሚተፋ ሰፊ ክፍተት ያለው ጥርስ ከሌለ ብዙ አትጠብቁ። ሳትሞሉ ደግሞ አስፋልት አትውጡ። የጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም እዩ፦ 1419 ካለ በፈረንጆች 2019 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የደረቀ ጎማ አይይዝም። ወደ ዲፈረንሻል እንመለስ።

ሰብለ፦ ኋላው ከ60 በላይ ያፏጫል፣ ነዳጅ ስለቅ ይጠፋል። ጋራዥ ፒኞኑን ብቻ እንቀይር አሉኝ። ቱሳን ነው፣ ጎማው አዲስ።

ኮሮናፒኞን፦ እንዳትስማሚ እህቴ። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተፋጩ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ብቻ አይቀየርም። መጀመሪያ የኋላ ጎማ ኩሽኔታዎች ይታዩ፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ የነሱ ነው። ግን ነዳጅ ሲለቀቅ ስለሚጠፋ ያንቺው ወደ ዲፈረንሻሉ ያደላል። ከተከፈተ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት በዳያል ጌጅ (ባለ ሰዓት መለኪያ) ይለካ። ለብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንቺን ልክ ከመኪናው ማንዋል ያውጡት። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብተው ሲያዞሩት አሻራው መሃል ላይ መውደቅ አለበት። ፒኞኑ ላይ ተጨምቆ የሚቀመጠው ቀለበት ካለ አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተጨመቀ ቀለበት ድጋሚ ልክ አይሰጥም። "በእጅ ስሜት እናስተካክለዋለን" ካሉሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ።

ታሪኩ ቢ፦ ጭቃ ላይ ይሰምጣል፣ ምን ላድርግ?

ኮሮናፒኞን፦ ምን መኪና? ምን ጎማ?

ኤሌክትሪክ ነጂ፦ ባለ ሁለት ሞተር ቢዜድ 4 ኤክስ ላይስ?

ኮሮናፒኞን፦ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፣ ፊትና ኋላ የየራሳቸው ሞተር አላቸው። የሚዞረውን ጎማ ኮምፒውተሩ በፍሬን ይይዘዋል። አትነካካው። ጎማ ቀይር።

የሰንዳፋ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዘይቱን ራሴ ልቀይር ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ኮሮናፒኞን፦ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። ዘይቱን አፍስሰህ መሙያው አልፈታ ካለህ መኪናው እዚያው ቆሞ ቀረ። ሜዳ ላይ አቁመህ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙላ፤ ትንንሾቹ ላይ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ዘይቱ 75 ደብሊው 90 ወይም 80 ደብሊው 90፣ ጂኤል 5 ይሁን። ክላች ያለው ሊሚትድ ስሊፕ ከሆነ ኤልኤስ የሚል ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይንቀጠቀጣል። የተረፈህን ጂኤል 5 ግን ጂኤል 4 የሚል ማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ አታስገባ፤ የነሐስ ቀለበቶቹን ሊበላ ይችላል።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝን ልንገርህ፦ መተንፈሻው። ከዲፈረንሻሉ አናት ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት፣ አንዳንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ አላት። በጭቃ ስትደፈን፣ ዲፈረንሻሉ ሲግል አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ (በዘይት ማገጃው ጎማ) በኩል ይገፋዋል። "ሲሉ ተበላ" ተብሎ ይቀየራል፣ እንደገና ያንጠባጥባል። የጋለው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ቀዝቅዞ በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ያን ቀን ይቀየር። ክዳኗን በጣትህ አዙራት፤ በነፃ ካልዞረች ፈትተህ በቤንዚን እጠባት።

ቡራዩ 4፦ ስንት ያስወጣል ሁሉም?

ኮሮናፒኞን፦ ዋጋ አልናገርም፣ በየሳምንቱ ይለወጣል። ጎማህን አሁንም አልነገርከኝም።

ፕራዶ 120፦ 2006፣ አውቶማቲክ፣ ኦል ቴሬን ጎማ። የኋላ ሎክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይቆምም። ዲፈረንሻሉ ይቀየር?

ኮሮናፒኞን፦ አይቀየር። ብልጭ ድርግም ማለት ጥርሱ ገና አልገጠመም ማለት ነው። 4ኤል ላይ ሆነህ፣ ልል አፈር ላይ መሪውን ትንሽ ግራና ቀኝ እያልክ በዝግታ ንዳ። ካልገባ የሚቆልፈው ትንሽ ሞተር ሳይሠራ ቆይቶ ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ተፈትቶ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ልል አፈር ላይ እያስገባህ አውጣው።