አምስቱ ቀለበት በማይነስ፣ ሰባቱ በፕላስ ለምን አሮማቲክ ይሆናሉ ላልከው ወንድሜ

"አምስት ካርቦን ያለው ቀለበት ማይነስ ሲይዝ አሮማቲክ ነው፣ ፕላስ ሲይዝ አይደለም። ሰባቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ታዲያ ቻርጅ ይረዳል ወይስ ያበላሻል?" ብለህ የጻፍከውን ሳነብ የድሮ የፈተና ወረቀቴን መልሰው የሰጡኝ መሰለኝ። እኔም የተቃጠልኩት በዚችው ነው። የሁከልን ሕግ ታውቃለህ ብዬ እዘለዋለሁ፤ ዝርግ ቀለበቱን የሚዞረው የፓይ ኤሌክትሮን (የድርብ ቦንዱ ዓይነት) 2፣ 6፣ 10 ሲሆን ጥሩ፣ ማለትም አሮማቲክ፣ በጣም የተረጋጋ፤ 4 እና 8 ሲሆን ጣጣ፣ ማለትም አንቲአሮማቲክ፣ ያልተረጋጋ።

1. ቻርጁን ራሱን አትቁጠር። የሚቆጠረው በዚያ ካርቦን ፒ ኦርቢታል (ከቀለበቱ ጠለል በላይና በታች ባለው የኤሌክትሮን ቦታ) ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ነው። ማይነስ ያለበት ካርቦን ጥንድ ይዟል፣ 2 በል። ፕላስ ያለበት ባዶ ነው፣ 0 በል። 1 የሚባል ነገር እዚህ የለም።

2. እኔ ታዲያ ያችኑ 1 ቆጠርኳት። ቻርጁ ማይነስ አንድ ስለሆነ አንድ ኤሌክትሮን ነው አልኩና ከሁለቱ ድርብ ቦንድ 4 ጋር ደምሬ 5 አገኘሁ። ሰባቱ ላይ ከ6 አንድ ቀንሼ እንደገና 5። ሁለቱንም "አሮማቲክ አይደለም" ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ቀጥለው የመጡት ጥያቄዎች በእነዚህ ላይ የተንጠለጠሉ ስለነበሩ አብረው ሄዱ። ወረቀቴን ይዤ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ብሄድ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል "ቅሬታ ሐሙስ ነው" አለችኝ። ሐሙስ ስሄድ "ትናንት ተዘጋ"። አራሚውን ኮሪደር ላይ ባገኘው "መደመር አትችልም እንዴ?" ብሎኝ አለፈ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ አልክድም፤ ግን "ማይነሱ ጥንድ ነው" ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

በኋላ ብቻዬን የገባኝ ከአሲድነት ሰንጠረዥ ነው። ቻርጅ ያልያዘው አምስቱ ቀለበት፣ የሳይክሎፔንታዳይን፣ ፒኬኤ (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 16 አካባቢ ነው፣ ለሃይድሮካርቦን ጉድ የሚያሰኝ፣ ከውሃ እምብዛም የማይርቅ። የሰባቱ፣ የሳይክሎሄፕታትራይን፣ ግን 36 ገደማ። እያንዳንዷ 1 የ10 እጥፍ መሆኗን አስብና ልዩነቱን ገምት። አምስቱ ፕሮቶኑን ሲለቅ 6 ኤሌክትሮን ስለሚያገኝ ነው እንዲህ የሚቸኩል፤ ሰባቱ ቢለቅ 8 ይሆንበታል። ሰባቱ የሚወደው ፕላሱን ነው፣ ባዶ ካርቦን ሲጨመርበት 6ቱ እንዳሉ ይቀመጣሉና። ለዚህ ነው ትሮፒሊየም (ፕላስ የያዘው ሰባቱ) ብሮማይድ እንደ ጨው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው፤ ሲልቨር ናይትሬት ብትጨምርበት ሲልቨር ብሮማይዱ ወዲያው ይዘቅጣል። አዮዶሳይክሎፔንታዳይን ግን ሲልቨር ቢመጣበትም አዮዲኑን አይለቅም፤ ቢለቅ 4 ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። ይህን ካየሁ በኋላ በቃል የያዝኩት ነገር የለም። ሦስት ካርቦን ያለው ካታዮን (ፕላስ የያዘ ቀለበት) 2 ብቻ ይዞ አሮማቲክ መሆኑም አላስደነቀኝም፤ ኬሚስቱ ብሬስሎ በ1957 እ.ኤ.አ. ከነፊኒሎቹ (ከተንጠለጠሉበት የቤንዚን ቀለበቶች ጋር) ሠርቶ አሳይቷል።

ስምንቱን እንዳትረሳ። ሳይክሎኦክታቴትራይን ያለ ቻርጅ 8 ስላለው እንደ ገንዳ ታጥፎ ከጣጣው ያመልጣል። ከፖታሲየም ሁለት ኤሌክትሮን ስጠው፣ 10 ሞልቶ ዝርግ ይላል።

3. ናይትሮጅን ላይ ተጠንቀቅ። ፒሪዲን (አንድ ናይትሮጅን ያለው ባለ ስድስት ቀለበት) ፕሮቶን ተቀብሎ ፕላስ ቢሆንም አሮማቲክነቱ አይነካም፤ የሰጠው ጥንድ ከ6ቱ ውጭ፣ በቀለበቱ ጠለል ላይ የነበረ ነው። የፒሮል (አንድ ናይትሮጅን ያለው ባለ አምስት ቀለበት) ጥንድ ግን ከ6ቱ አንዱ ስለሆነ ፒሮል ፕሮቶን ቢቀበል አሮማቲክነቱን ያጣል። ቤዝነቱ እንዲያ የደከመውም ለዚህ ነው።

በድጋሚ ፈተናው ይህን ሁሉ ከአንዲት በቀር ያለ ስህተት ሠራሁ፣ ያው አራሚ ነው ያረመው። አምስቱ ካታዮን ላይ ግን "አሮማቲክ አይደለም" ብዬ ስለተውኩት ግማሽ ነጥብ ቆርጦብኛል። አንተ "አንቲአሮማቲክ" ብለህ ጻፍ።