ካራቫን ይዞ ኡድናዳታ ትራክ ለመግባት ላሰበው ወንድሜ

ወንድሜ፣ በጁላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት ባለቤትህንና ሁለት ልጆችህን ይዘህ፣ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) እየጎተትክ በኡድናዳታ ትራክ፣ በደቡብ አውስትራሊያው የጠጠር መንገድ፣ ከማሪ እስከ ማርላ ለመሄድ እንዳሰብክ ጽፈሃል። «ይቻላል ወይስ አስፋልቱን ልያዝ?» ነው ጥያቄህ።

ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያው ብዙ አስከፍሎኛል፤ ሁለተኛው አንድ ብሎን ሳይፈታ አለፈ። ካራቫኑ ያው ነው፣ መንገዱም ያው። የተለወጠው የጎማው ንፋስና የእኔ ፍጥነት ነው።

መንገዱ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጅ ማሪ፣ ዊልያም ክሪክ፣ ኡድናዳታና ማርላ አለ። በየመሃላቸው 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ካራቫን የሚጎትት መኪና ነዳጅ ይጠጣል፤ በደረስክበት ሁሉ ሙላ።

ዋናው ጣጣ ሸንተረሩ ነው። ጠጠሩ ላይ የጎማ ብዛት የሠራው ነው፤ ልክ የጣራ ቆርቆሮ ይመስላል። መኪናህ ጥሩ አሞርዛተር ካለው አንተ ብዙም አይሰማህም። መከራውን የሚያየው ከኋላህ ያለው ካራቫን ነው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የአስፋልቱን ንፋስ ሳልቀንስ በ80 ነዳሁ። ዊልያም ክሪክ ስንደርስ ልጄ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ታንከር ድንጋይ በስቶታል። ውስጥ ደግሞ የቁምሳጥኑ ብሎኖች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። የለስላሳ ጣሳዎቹ እርስ በርስ ተፋትገው ሁለቱ ተበስተዋል፤ ቀዩ አቧራ ከለስላሳው ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። መኪናው ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውሃ ባንይዝ ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ውሃህን ለሁለት ከፍለህ ያዝ። ጣሳና ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልል።

አሁን ጠጠሩ እንደጀመረ እቆማለሁ። የመኪናውን ጎማ ከ40 ወደ 28 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ)፣ የካራቫኑን ከ45 ወደ 30 አወርዳለሁ። ይህ በእኔ ጭነት ነው፤ ያንተን ክብደትህ ይወስነዋል። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልስና ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ግን በተቀነሰ ንፋስ ከፈጠንክ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ከ60 አልበልጥም። አስፋልት ስትገባ የምትሞላበት መንፊያ የግድ ያስፈልግሃል፤ ስኮርታም ለመኪናውም ለካራቫኑም ያዝ።

በየ50 ኪሎ ሜትሩ ውረድ። መዳፍህን ወደ እያንዳንዱ የካራቫን ጎማ መሃል፣ ወደ ሞዞው አስጠጋ። ሁሉም እኩል ሞቅ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት ማለት ነው፤ እዚያው ተመልከተው። ዳዶዎቹን፣ ሰንሰለቱንና መጎተቻውንም እይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከመነሳትህ በፊት ኩሽኔታዎቹን አስፈትሽ፣ ግራሶም ይቀየር።

የኋላ መስታወትህንም አደራ። የራስህ ጎማ የሚወረውረው ድንጋይ የካራቫኑን ፊት መትቶ ይነጥርና መስታወቱን ያረግፈዋል። እኔ ወፍራም ካርቶን በቴፕ እለጥፍበታለሁ። አቧራ እንዳይገባ የካራቫኑን በር ማናፈሻ በቴፕ የምትሸፍን ከሆነ፣ ማታ ጋዝ ከመለኮስህ በፊት ቴፑን ማንሳት እንዳትረሳ።

ካራቫኑ የኪራይ ከሆነ መጀመሪያ ውሉን አንብብ። ብዙዎቹ ጠጠር መንገድ ይከለክላሉ፤ እዚያ ብትሰበር ኢንሹራንሱም ላይከፍልህ ይችላል። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል፤ ማሪ ያለውን ሰሌዳ ሳታይ አትለፍ። በተዘጋ መንገድ መንዳት ያስቀጣል፣ ጭቃውም አይለቅህም።

በከተሞቹ መሃል ስልክ አይሠራም ብለህ ውጣ። የሳተላይት ስልክ ተከራይ። ብትበላሽም መኪናህን ጥለህ በእግርህ እንዳትሄድ፤ ከሰው ይልቅ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ጥላም ውሃም እዚያው ነው። ሌሊቱ በጁላይ ይበርዳል፤ ለልጆቹ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዝ።

ኮዋርድ ስፕሪንግስ አንድ ሌሊት እደሩ። ለብ ያለ የምንጭ ውሃ አለ፤ ልጆቼ አልወጣም ብለውኝ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር የሚወርደው የኤር ሐይቅ ነጭ ጨው ከመንገዱ ይታያል።

የካራቫኑን ዓይነትና ሙሉ ክብደቱን እዚህ ጻፍልኝ፣ ንፋሱን አብረን እናሰላዋለን።