«ቀይ፣ ቀይ፣ ቢጫ» ላይ ለሚሳሳቱ ልጆች

ሰላም እህቴ። ሐረር የምታስተምሪያቸው የኬጂ 2 ልጆች የቀለም ጥለት ስታስቀጥያቸው «ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ» ሲሆን እየቀጠሉ፣ «ቀይ፣ ቀይ፣ ቢጫ» ሲሆን ግን አንድ አንድ እያፈራረቁ እንደሚደረድሩ ጽፈሻል። ስንፍና አይደለም። የያዙት «ቀለም ቀይር» የሚለውን ብቻ ነው፤ የሚደገመውን ዙር ገና አላዩትም። እሱን ሳያዩ ልምምድ ማብዛቱ አይጠቅማቸውም።

መጠናቸው እኩል የሆኑ ቆርኪዎች ያዢ፣ ልዩነቱ ቀለም ብቻ ይሁን። ቀይን ከአረንጓዴ ጋር አታድርጊ፤ ሁለቱን መለየት የሚያቅታቸው ልጆች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ሦስት ዙር ደርድሪ፦ 6 ቀይ፣ 3 ቢጫ። እያንዳንዱን ዙር በክር ክበቢውና እየነካችሁ በዜማ በሉት፤ «ቀይ-ቀይ-ቢጫ»፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ እንደገና። በሐረሪም በኦሮምኛም ቢሉት ችግር የለውም፤ ዙሩ መሐል ቋንቋ ከተቀየረ ግን ምቱ ይሰበራል። ቀጥሎ ክሩን አንሺና ልጁ ራሱ ይክበበው። ዋናው ሥራ ይኼ ነው፤ ዙሩን ያገኘ ልጅ መቀጠሉ አይከብደውም።

ሲቀጥል ልክ የሚበቃውን ቆርኪ አትስጪው፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ የተረፈው ቆርኪ ራሱ መልሱን ይነግረዋል። ለሁለት ዙር 4 ቀይና 2 ቢጫ ቢበቃም 7 ቀይና 6 ቢጫ ስጪው። አንዳንዴም ዙሩ ሳያልቅ፣ አንድ ቀይ ላይ አቁሚለት። ብዙዎቹ እዚያ ላይ «ቀይ፣ ቀይ» ብለው እንደ አዲስ ይጀምሩና ሦስት ቀይ ይሆናል። አንቺ አታርሚው፤ ከጫፍ ጀምሮ በዜማ ያንብበው፣ ስህተቱን ጆሮው ይይዘዋል።

እባክሽ «ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀጥሎስ?» ብለሽ አትጠይቂ። በሁለት ቆርኪ ጥለት አይታወቅም፣ ማንኛውም መልስ ልክ ነው። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር ይታይ፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ያንኑ ጥለት በሌላ ነገር፦ ሁለት ጭብጨባ አንድ እግር፣ ሁለት ባቄላ አንድ ሽምብራ። (እህሉን አፍንጫቸው ውስጥ ይከታሉና አጠገባቸው ሁኚ።) «ይኼማ ያው ነው» ያለሽ ልጅ ገብቶታል። «ቀይ፣ ቢጫ፣ ቢጫ» እና ሦስት ቀለም ከዚህ በኋላ ይምጣ።

በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፌት ለመጨረሻ አቆዪው፤ ክብ ስለሆነ መነሻው አይታወቅም። መጀመሪያ ቆርኪውን በክብ ይደርድሩ። በ12 ይገጥማል፤ በ10 ግን ሦስት ቀይ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ለምን እንደሆነ እነሱ ይንገሩሽ።