«ነገን እግዜር ነው የሚያውቀው»

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የሥነ ልቦና ተማሪዎች «ትራውማ ላይ፣ ማለትም ከባድ ነገር በሰው ውስጥ ጥሎት በሚያልፈው ቁስል ላይ፣ ጥናት መሥራት እንፈልጋለን» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ላይ ነው። የምትጠይቁኝ ግን ሁሌ ስለ መጠይቅና ስለ ሶፍትዌር ነው። እስቲ እኔ ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ።

ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። ተፈናቃዮች ባረፉበት ሰፈር፣ ላስቲክ ከተወጠረበት ጥላ ሥር፣ ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩትን መጠይቅ ይዤ ተቀመጥኩ። «የወደፊት ሕይወት የለኝም የሚል ስሜት ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ነገንማ እግዜር ነው የሚያውቀው» አሉኝ። «በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። «መደንዘዝስ ይሰማዎታል?» «አዎ፣ ግራ እግሬን። ማታ ማታ ይብስብኛል።» መጠይቁ የሚለው የስሜት መደንዘዝን ነበር፤ እሱም ላይ ምልክት።

ማታ ነጥቡን ስደምረው ሴትዮዋ ከባድ ሕመምተኛ ሆነው አረፉት። በማግስቱ ስመለስ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አሳዩኝ። የጤፍ ዘር ነው። ከቤታቸው ሲሸሹ ከልብስ በፊት ያነሱት እሱን ነበር። «ክረምቱ ሳይገባ ከተመለስን ይደርሳል» አሉኝ። እንግዲህ የወደፊት ሕይወት የላቸውም ብዬ የመዘገብኳቸው ሴት እኚህ ናቸው።

መጠይቁን የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የሚለካው ፒቲኤስዲን ነው፤ ከከባድ አደጋ በኋላ መጥቶ አልለቅ የሚል የአእምሮ ሕመም። ይህ ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጉዳይ ነው ብዙውን የገፋው። ጥያቄው የተቀረጸው ነገውን በእጁ እንደያዘ ለሚያስብ ሰው ነው። እኛ ጋ ጤነኛውም «እግዜር ካለ» ሳይል ቀጠሮ አይይዝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመመሪያው እትም «የወደፊት ሕይወት የለኝም» የሚለውን የሕመም ምልክት በሌላ አገላለጽ ቀይሮታል። የኔ ስህተት ግን ከመመሪያው አልመጣም። ቃል ተረጎምኩ፣ ሰው አልጠየቅኩም። መጠይቃችሁን መጀመሪያ ለአሥር ሰው አንብቡና «ምን የጠየቅኩዎት መሰለዎት?» በሉ። አንዳንዱ መልስ ያስቃችኋል፣ አንዳንዱ ያሳፍራችኋል።

ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም ነገር ትራውማ ሆኗል። ፈተና የወደቀውም፣ ፍቅረኛው የተለየችውም «ትራውማታይዝድ ሆኛለሁ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከሰው 70 ከመቶ ያህሉ በሕይወቱ ከባድ ነገር ይገጥመዋል፤ ከገጠማቸው ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚይዘው ግን 5.6 ከመቶውን ነው። አብዛኛው ሰው ከጊዜ ጋር ያገግማል። በጥናታችሁ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ታሞ ከተገኘ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት መጠይቁን ተጠራጠሩ። እውነት የሚሆንበትም ቦታ አለ፤ ግን መጀመሪያ ተጠራጠሩ።

ሌላው ችኮላችን ማናገር ነው። አደጋ በደረሰ ማግስት ሄደን «ሁሉንም አውጡት፣ ይቀልላችኋል» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ይህንን በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ፈትኖ ነበር። ከ13 ወር በኋላ ወዲያው እንዲናገሩ ከተደረጉት 26 ከመቶው ፒቲኤስዲ ነበረባቸው፤ ካልተነካኩት ግን 9 ከመቶው። ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው እኩል አልነበሩም የሚል ክርክር አለ፣ ክርክሩም ትክክል ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ «ሆድ ይፍጀው» ያለኝን ሰው አልጎተጉትም። ወር አልፎ እንቅልፍ ካጣ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ከዘለለ፣ ያኔ ታሪኩን ከሠለጠነ ሰው ጋር ቀስ እያለ ደጋግሞ መናገሩ በእርግጥ ይረዳዋል። ሰውየውን ለሕክምና የምትልኩበት ቦታ ከሌላችሁ ግን ቁስሉን አትንኩት።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። መረጃ ትሰበስብልኝ የነበረች ልጅ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፔንሲዮኗ ውስጥ መብራት ሳታጠፋ መተኛት ጀመረች። በቀን ሰባት ስምንት ሰው ታናግር ነበር። «በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረን» አልኳት። ሥራውን ጨርሳ ሙያውን ትታ ሄደች። ፒቲኤስዲን የማጠና ሰው ነኝ፤ አጠገቤ ያለውን ሳላይ።

ከዚያ በኋላ በቀን ከሦስት ሰው በላይ አናናግርም። ማታ ማታ ቡና አፍልተን እንቀመጣለን፤ ስለ ሥራ ማውራት የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ስለ ኳስ። በጀት ስትጽፉም ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ የምክር አገልግሎት ገንዘብ መድቡ። ገምጋሚዎቹ «ይህ ምን ያደርጋል?» ብለው ይሰርዙታል። መልሳችሁ አስገቡት።